የልጁ ጠጠርና የአዋቂው ፍሬ ፍሬ፦ ከፀጉር ስር የሚነሱ እጢዎች ላይ ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል

አንድ ልጅ ፊቱ ወይ አንገቱ ላይ እንደ ጠጠር የጠነከረ እብጠት ሲያወጣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ታውቁታላችሁ፣ እናት እንቅልፍ ታጣለች፣ አያት ስለት ይሳላሉ፣ ጎረቤት ደሞ ሳይጠየቅ "እከሌንም እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው" እያለ ያወራል። የ40 ዓመት ሰው አፍንጫውና ጉንጩ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ትንንሽ ፍሬዎች በየዓመቱ ሲበዙበት ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ቢበዛ ሳሙና ቀይር ይባላል። ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። የልጁ ጠጠር በአብዛኛው ተቆርጦ ወጥቶ እዛው የሚያልቅ ሲሆን የአዋቂው ፍሬ ፍሬ አንዳንዴ (ሁሌ አይደለም፣ አንዳንዴ) ኩላሊት ወይ ሳንባ ወይ ጡት ላይ ሊመጣ ስለሚችል ነገር ቀድሞ የሚናገር ምልክት ነው። ሁለቱም የሚነሱት ደግሞ ከአንድ ቦታ ነው፣ ፀጉር ከሚበቅልበት ሐኪሞች ፎሊክል ከሚሉት ትንሽዬ ከረጢት።

ፀጉር ስንል የምናየው ዘንጉን ነው፣ እሱ የሞተ ነገር ነው፣ ሥራው ያለው ቆዳ ውስጥ ነው። ሰው ላይ በጠቅላላ ወደ 5 ሚሊዮን ፎሊክል አለ፣ ከዛ ውስጥ ጭንቅላት ላይ ያለው 100 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፣ ቀሪው ፊት ላይ እጅ ላይ ደረት ላይ ተበትኖ የማናየውን ለስላሳ ፀጉር ያበቅላል። አንዷ ፎሊክል ራሷ ብዙ ክፍል አላት፣ ከታች ማትሪክስ የሚባለው ሴል እያባዛ ፀጉሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ዙሪያውን ሽፋን አለ፣ ጎኗ ላይ የወዝ እጢ ተለጥፏል፣ ከፍ ብሎ ደሞ ስቴም ሴሎች (አዳዲስ ሴል የሚወልዱት) ይቀመጣሉ። ፀጉር ለጥቂት ዓመት ያድጋል፣ ያርፋል፣ ይረግፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ራሱን እያፈረሰ የሚገነባ ቦታ ላይ "እደግ" እና "አቁም" የሚሉት ትእዛዞች ሌት ተቀን ይመላለሳሉ ማለት ነው፣ ስለዚ አንዱ ትእዛዝ ሲበላሽ እጢ መፈጠሩ አይገርምም፣ እኔን የሚገርመኝ እንዲህ አለመብዛቱ ነው። እጢው ደሞ ከየትኛው ክፍል እንደተነሳ ስሙም ጠባዩም ይለያያል። ለምሳሌ ትራይኮፎሊኩሎማ የሚባለው አንድ ፍሬ ሆኖ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ይወጣና መሃሉ ላይ ካለችው ቀዳዳ ጥጥ የመሰለ ነጭ ፀጉር ይበቅልበታል፣ ለማየት ይገርማል እንጂ ምንም አያደርግም።

ልጆች ላይ የሚወጣው ጠጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፓይሎማትሪኮማ ይባላል። ከማትሪክሱ ነው የሚነሳው። ብርቅ ነው ይባላል፣ ከጠቅላላው የቆዳ እጢ አንፃር ልክ ነው፣ ግን የልጆች ሰርጀን ጠይቁ፣ በደንብ ነው የሚያውቀው። ፊት፣ አንገት፣ የራስ ቆዳና ክንድ ይወዳል፣ አብዛኛው ከ20 ዓመት በፊት ይወጣል፣ ሴቶች ላይ ትንሽ ይበዛል፣ በዝግታ ነው የሚያድገው፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከ3 ሴንቲሜትር አያልፍም። ሲነካ ድንጋይ ነው። ድንጋይ የሚመስለውም በከንቱ አይደለም፣ ውስጡ በእውነት ካልሲየም ስለሚጠራቀም ነው፣ ሰርጀኑ ሲከፍተው ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነገር የሚያገኘው ለዛ ነው።

ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሆነው ለሚለው መልሱ የተገኘው በአይጥ ነው። በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢሌን ፉክስ ላብራቶሪ ውስጥ ቤታ ካቴኒን የሚባል ፕሮቲን ቆዳቸው ውስጥ እንዳይፈርስ ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች ነበሩ። ይሄ ፕሮቲን ለሴሉ "ፀጉር ሁን" የሚለውን ትእዛዝ ከሚያስተላልፉት ዋናው ነው፣ በጤናው ጊዜ ሥራውን ሲጨርስ ይፈርሳል። አይጦቹ ላይ ስላልፈረሰ ፀጉር በፀጉር ሆኑ፣ በነበረው ፎሊክል መሃል አዲስ ፎሊክል መብቀል ጀመረ፣ ቆይቶ ደሞ እጢ አወጡ፣ እጢውም ሲታይ የልጆቹ ዓይነት ፓይሎማትሪኮማ ሆኖ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት በ1999 እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሰው የወጡ እጢዎችን መረመሩ፣ ቢያንስ 75 በመቶው ላይ የቤታ ካቴኒን ጂን ተበላሽቶ አገኙት። ማለት ትእዛዙ በርቶ ቀርቷል፣ ሴሎቹ ፀጉር ለመሆን ይሞክራሉ፣ ዘንግ ግን መስራት ስላልቻሉ እዛው ክምር ሆነው ይሞታሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቅርፃቸው አለ ኒውክለሳቸው (የሴሉ እምብርት) የለም፣ ፓቶሎጂስቶች (ከሰውነት የወጣ ሥጋን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩት ሐኪሞች) የሙት መንፈስ ሴል የሚሏቸው እነሱን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡት የምፈልገው ነገር አለ፣ ይሄው የትእዛዝ መስመር እኮ የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይም የሚበላሸው ነው። አንጀት ላይ ሲበላሽ ሰው ይገድላል፣ ፎሊክል ላይ ሲበላሽ ግን ጠጠር ይሆንና ይቀመጣል። ሴሎቹ እየተባዙ ከመቀጠል ይልቅ ወደ ፀጉርነት ሄደው ስለሚሞቱ እጢው ራሱን በራሱ ያደርቃል። ወደ ካንሰር የተለወጠ ፓይሎማትሪኮማ በዓለም ላይ አለ፣ በጣም ጥቂት ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ አዋቂ ሰው ላይ ነው። "የጂን ለውጥ ተገኘበት" የሚል ወረቀት ያየ ሰው ሁሉ ካንሰር ነው ብሎ መደምደም የሌለበት ለዚህ ነው።

ሐኪሞችንም ቢሆን ለረጅም ጊዜ አሳስቷል። ማልኸርብና ሼናንቴ የተባሉ ፈረንሳዮች በ1880 ሲገልፁት ከወዝ እጢ የመጣ መስሏቸው ነበር፣ ከፀጉር መምጣቱ ታውቆ የዛሬውን የሚመስል ስም የተሰጠው በ1961 ነው፣ 80 ዓመት ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር ስንመጣ ችግሩ አንገት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሳንባ ውጪ የሚከሰት ቲቢ ብዙ ነው፣ ከሱ ውስጥ ደሞ የአንገት ንፍፊት ቲቢ ዋነኛው ነው፣ ስለዚ ልጅ አንገቱ ላይ እብጠት ይዞ ሲመጣ ሐኪሙ ቀድሞ ቲቢን ማሰቡ ትክክል ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። ግን ቲቢም ካንሰርም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር እንዳለ ካልታሰበ ልጁ ምንም ሳይኖርበት ለወራት መድኃኒት የሚውጥበት ዕድል አለ። ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም እኮ፣ ጣት ይበቃል ለመጠርጠር ያህል። ንፍፊት ከቆዳው ስር ነው፣ ቆዳው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ፓይሎማትሪኮማ ግን ከቆዳው ጋር የተያያዘ ነው፣ ቆዳውን ስታንቀሳቅሱት አብሮ ይሄዳል፣ ከታች ካለው ሥጋ ጋር ግን አልተያያዘም። ቆዳውን በሁለት ጣት ወጠር ስታደርጉት ላዩ ድንኳን እንደተተከለ ማዕዘን ማዕዘን ያወጣል፣ አንዱን ጠርዝ ስትጫኑት ሌላኛው ጠርዝ ብድግ ይላል። አልትራሳውንድ ከተጨመረ ካልሲየሙ ጥላ ጥሎ ይታያል። ይሄን ሁሉ የምፅፈው ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ እንድትወስኑ አይደለም፣ ሐኪሙን "ከቆዳው ነው ወይስ ከስር?" ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው፣ ይቺ አንዲት ጥያቄ ብዙ ነገር ትቀይራለች።

ሌላው ወጥመድ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ነው፣ ኤፍኤንኤ የሚባለው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ እኛ አገር ለማንኛውም እብጠት መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው፣ ለቲቢም በጣም ይጠቅማል። ለዚህኛው እጢ ግን ያታልላል። መርፌው የገባው ሴሎቹ ገና በሚባዙበት ጠርዝ በኩል ከሆነ የሚወጡት ጥቅጥቅ ያሉ ትልልቅ ኒውክለስ ያላቸው ሴሎች ናቸው፣ ሞተው የቀሩት ሴሎች በናሙናው ውስጥ ካልተገኙ "ካንሰር ይጠረጠራል" ተብሎ ሊፃፍ ይችላል፣ ይሄ ስህተት በብዙ አገር የተመዘገበ የታወቀ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ የወጣ ቤተሰብ ያለበትን አስቡት። ስለዚ ልጅ ላይ፣ ለዓመት በዝግታ ያደገ፣ ከቆዳ ጋር የተያያዘ ጠጠር ላይ "አደገኛ" የሚል የመርፌ ውጤት ከመጣ ትልቅ ኦፕሬሽን ከመታሰቡ በፊት እጢው በሙሉ ወጥቶ በፓቶሎጂ መታየት አለበት። ሙሉ በሙሉ ከወጣ የሚመለሰው በጣም ጥቂት ነው። በእሳት መተኮስና ቅጠል ቀጥቅጦ ማሰር ደሞ ካልሲየምን አያቀልጥም፣ ቆዳውን አቃጥሎ ቁስል ጨምሮበት ነው የሚመልሰው፣ ከዛ በኋላ ሐኪሙም መጀመሪያ ምን እንደነበር መለየት ይቸግረዋል።

ታዲያ ስለ አንዱ ጠጠር ይሄን ካልን ቁጥሩ ሲበዛ ግን ጨዋታው ይቀየራል። አንድ ልጅ ላይ ከአንድ በላይ ፓይሎማትሪኮማ ከወጣ፣ በተለይ ቤተሰብ ውስጥም ካለ፣ ሐኪሙ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት፣ ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ የሚባለው የጡንቻ በሽታ ለምሳሌ፣ ወይ ሴት ልጅ ከሆነች ተርነር ሲንድሮም (ከክሮሞሶም ጉድለት የሚመጣ)፣ ወይ ደግሞ ከአንጀት ፖሊፕ ጋር የሚያያዘው ጋርድነር። አዋቂዎቹ ጋር ስንሄድ ግን ነገሩ ይከብዳል።

በ1977 ካናዳ ውስጥ በርት፣ ሆግና ዱቤ የተባሉ ሦስት ሐኪሞች አንድ ትልቅ ቤተሰብ መርምረው ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ከፎሊክል የሚነሱ ብዙ ነጫጭ ፍሬዎች እንዳሉ ፃፉ፣ ፋይብሮፎሊኩሎማ ይባላል ፍሬው፣ ከልጅነት ሳይሆን ከ20ዎቹ በኋላ ነው የሚጀምረው። በሽታው በስማቸው በርት ሆግ ዱቤ ይባላል፣ ያኔ የቆዳ ጉዳይ ብቻ ነበር የመሰለው። ቆይቶ ግን የነዚህ ዓይነት ሰዎች ኩላሊት ውስጥ እጢ፣ ሳንባቸው ውስጥ ደግሞ በአየር የተሞላ ከረጢት እንደሚገኝ ታወቀ፣ በ2002 ደግሞ ጂኑ ተገኘ፣ ፎሊኩሊን ይባላል፣ 17ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ከነዚህ ሰዎች ሩብ ያህሉ በሆነ ዕድሜያቸው ሳንባቸው ቀዳዳ ያወጣና አየር ወደ ደረታቸው ያፈሳል፣ ድንገት ደረት ይወጋል ትንፋሽ ያጥራል። የኩላሊቱ ካንሰር ጥቂት በማይባሉት ላይ ይመጣል፣ ጥሩው ዜና በአብዛኛው በዝግታ የሚያድግ መሆኑ ነው፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ትልቁ እጢ 3 ሴንቲሜትር እስኪደርስ በኤምአርአይ እየተከታተሉ ይቆዩና ኩላሊቱን ሳይሆን እጢውን ብቻ ያወጣሉ። ቀድሞ የታወቀለት ሰው በዚህ በሽታ የመሞት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል ማለት ነው። ሳይታወቅለት የቀረ ደሞ ሽንቱ ደም ሲሆን ብቻ ሊመጣ ይችላል።

እኛ ጋር ይሄን ሰንሰለት ማን ያገናኘዋል? ፊቱን የሚያየው የቆዳ ሐኪም ነው ወይ የውበት ሳሎን፣ ሳንባው ሲቀደድ የሚያየው የድንገተኛ ክፍል ነው፣ እሱም ቀድሞ የሚያስበው ቲቢን ነው፣ ኩላሊቱን የሚያየው ሌላ ሆስፒታል ነው፣ አባትየው ከ15 ዓመት በፊት "በደረት በሽታ" ሞቷል ብቻ ነው የሚባለው። ሦስቱን ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ የለም፣ እውነቱን ለመናገር ይሄን ሥራ ማንም ሐኪም ብቻውን አይሠራውም፣ ቤተሰቡ ራሱ ነው ታሪኩን ሰብስቦ መናገር ያለበት።

ካውደን የሚባለው በዘር የሚወረስ በሽታም እንደዚሁ ነው። በ1963 የተገለፀ ነው፣ ስሙም የሐኪም ሳይሆን የመጀመሪያዋ ታካሚ ቤተሰብ ስም ነው፣ ከ200 ሺህ ሰው አንድ ላይ ይገመታል። እዚህ ፊት ላይ የሚወጡት ትራይኪሌሞማ የሚባሉ ኪንታሮት የመሰሉ ፍሬዎች ናቸው፣ ከፎሊክሉ የውጭ ሽፋን ነው የሚነሱት፣ ድድና ምላስ ላይም ኮረት ኮረት ያለ ነገር ይኖራል፣ የጭንቅላት መጠን ከሰው በለጥ ይላል። ከጀርባው ያለው ፒቴን የሚባለው ጂን ነው፣ በ1997 ነው ከካውደን ጋር የተገናኘው፣ ሴሎች እንዳይበዙ ፍሬን ከሚይዙት አንዱ ነው፣ እሱ ሲበላሽ የጡት፣ የታይሮይድና የማህፀን ካንሰር ዕድል በጣም ይጨምራል። እኛ አገር ይሄን በሽታ የሚደብቀው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ እንቅርት ነው። የካውደን ሰዎች ብዙዎቹ ታይሮይዳቸው ያብጣል፣ ግን በአዮዲን እጥረት የተነሳ እንቅርት በለመደበት አካባቢ አንገቷ ያበጠ ሴት ማን ትኩረት ይሰጣታል? ፊቷ ላይ ያሉት ፍሬዎች፣ አንገቷ፣ የእህቷ የጡት ካንሰር፣ ለየብቻ ሲታዩ ምንም አይሉም፣ አንድ ላይ ግን ምርመራ ያስፈልጋል ነው የሚሉት።

ሦስተኛውን በሽታ ባጭሩ ልንገራችሁ። ብሩክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1892 አፍንጫ ዙሪያ ጥቅጥቅ ብለው ስለሚወጡ ፍሬዎች ፃፈ፣ ዛሬ ትራይኮኤፒተልዮማ ይባላሉ። ከልጅነት መጨረሻ ጀምሮ ይወጣሉ፣ የቆዳ ቀለም ነው ያላቸው፣ በአንዳንድ ቤተሰብ ራስ ላይ ሌላ ዓይነት እጢ ይጨመርና በዝቶ በዝቶ ጥምጥም የታሰረ እስኪመስል የራስ ቆዳውን ይሸፍነዋል። ምክንያቱ የሆነው ሲዋይኤልዲ የሚባለው ጂን በ2000 ተገኘ። ይሄኛው እንደነ ካውደን የውስጥ አካል ካንሰር የሚያበዛ አይደለም፣ ሸክሙ መልክ ላይና ኑሮ ላይ ነው፣ ሰው ፊት መቅረብ የሚጠሉ አሉ። ሦስቱም ግን በውርስ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ከእናት ወይ ከአባት አንዱ ብቻ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ 50 በመቶ ዕድል አለው፣ ወንድ ሴት ሳይል።

እሺ፣ ታዲያ ፊቱ ላይ ፍሬ ያለው ሁሉ ይደንግጥ? አይ፣ በፍፁም። ጥቁር ሰው ጉንጭና ዓይን ዙሪያ ላይ የሚወጡት ትንንሽ ጥቁር ፍሬዎች፣ በተለይ ሴቶች ላይ ዕድሜ ሲገፋ የሚበዙት፣ በጣም የተለመዱና ምንም የማያደርጉ ናቸው፣ ከነዚህ ብርቅ በሽታዎች ጋር አይገናኙም፣ በቤተሰብም ይወረሳሉ። ልዩነቱ እነሱ ጥቁር ናቸው፣ ከፎሊክል የሚነሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ የቆዳ ቀለም ወይ ነጣ ያሉ ናቸው፣ አፍንጫ ዙሪያና ጉንጭ ላይ ይሰበሰባሉ። ሐኪሙም ራሱ የሚቸገርበት ምክንያት አለ፣ የሕክምና መፅሐፎቹ ላይ ያሉት ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው፣ "ሰማያዊ ጥላ ይታያል" "ቀላ ይላል" ይላል መፅሐፉ፣ ጠይም ቆዳ ላይ ይሄ አይታይም። ፈረንጅ አገር ትራይኮኤፒተልዮማ ሲታይ ዋናው ጭንቀት በፀሐይ ከሚመጣው የቆዳ ካንሰር ጋር መምታታቱ ነው፣ እኛ ላይ ያ ካንሰር እምብዛም ስለሆነ የሚምታታው ከብጉር፣ ከኪንታሮትና ከጥቁሮቹ ፍሬዎች ጋር ነው፣ ስለዚ ስህተታችን የተለየ ነው፣ እነሱ አለቅጥ ይቆርጣሉ፣ እኛ አለቅጥ እንንቃለን።

መናቃችን ሳያንስ ደሞ አሁን አሁን ፊት ላይ ያለን ማንኛውንም ፍሬ በኤሌክትሪክ ወይ በሌዘር አቃጥሎ የሚያነሳ ሳሎን በየሰፈሩ ተከፍቷል፣ ቲክቶክ ላይ በፊትና በኋላ ፎቶ ይለጠፋል፣ ደስ ይላል ሲያዩት። ችግሩ የተቃጠለ ነገር ፓቶሎጂ አይሄድም። ምን እንደነበር ለዘላለም አይታወቅም። እኔ ሰው መልኩን ማሳመሩን አልቃወምም፣ ግን ብዙ ፍሬ ያለበት ሰው አንዷ እንኳን ሳትቃጠል ተቆርጣ መመርመር አለባት ባይ ነኝ፣ አንዷ ብቻ ትበቃለች። የኛ ቆዳ ደሞ ለኬሎይድ ቅርብ ነው፣ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ የሚያብጠው ማለቴ ነው፣ ደረትና ትከሻ ላይ፣ ጆሮና መንጋጋ አካባቢ ይብሳል። ቤተሰቡ ውስጥ ኬሎይድ ያለበት ሰው ምንም የማታደርገውን ትንሽ ፍሬ አስነስቶ በምትኩ ትልቅ ጠባሳ ተሸክሞ ሊመለስ ይችላል፣ ይሄን ከመነካቱ በፊት ነው ለሐኪሙ መናገር።

የሆስፒታሉም ጉዳይ አለ። በትንሽ ኦፕሬሽን የወጣ እጢ ብዙ ጊዜ ተጥሎ ይቀራል፣ "ቀላል ነገር ነው" ተብሎ፣ ወይ ለምርመራው የሚከፈል ስለሌለ። ፓቶሎጂስቶቻችን በቁጥር ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ናቸው፣ ስለዚ ናሙናውን በጠርሙስ ይዞ ከክሊኒክ ወደ ላብራቶሪ የሚሮጠው ራሱ አስታማሚው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሄ ከገጠማችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፎርማሊን መሆኑን ጠይቁ፣ ውሃ ወይ ግሉኮስ ውስጥ ያደረ ሥጋ ይበሰብስና ማንም አያነበውም። ፎርማሊኑ እጢውን በደንብ የሚሸፍን ይሁን፣ ወረቀቱ ላይ ዕድሜው፣ ቦታው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ብዙ ወይ አንድ መሆኑ ይፃፍ፣ ፓቶሎጂስት ታሪክ የሌለው ናሙና ሲደርሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንደመገመት ነው። ሲዋይኤልዲንም ሆነ ፎሊኩሊንን የመሰሉ የጂን ምርመራዎች አገር ቤት እንደልብ አይገኙም፣ የኩላሊት አልትራሳውንድ ግን ይገኛል፣ ትንንሾቹን ሊስት ቢችልም ከምንም ይሻላል። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይ እስራኤል ያለ የቤተሰብ አባል ካለ የጂን ምርመራውን እዛ በሐኪም ማዘዝ ይቻላል፣ እሱ ላይ ጂኑ ከተገኘ አገር ቤት ያሉትም ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።

ሕክምናውን በተመለከተ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ ቅባት ሁሉ ላይ ገንዘባችሁን እንዳትጨርሱ ይሄን ልጨምር። በርት ሆግ ዱቤ ላለባቸው ራፓማይሲን የሚባል መድኃኒት በቅባት መልክ ተሞክሮ ነበር፣ ፊታቸው ግማሹ መድኃኒቱን ግማሹ ባዶ ቅባት እየተቀባ፣ በ2014 ውጤቱ ሲወጣ ልዩነት የለውም። ከሲዋይኤልዲ ጂን ለሚመጡት ፍሬዎችም ከአስፕሪን ቤተሰብ ከሆነው ከሳሊሲሊክ አሲድ ጀምሮ እንግሊዝ አገር እስከተፈተነው አዲስ ቅባት ድረስ ተሞክሯል፣ እስካሁን ፍሬዎቹን አጥፍቶ የሚያስቀር አልተገኘም። ሌዘርና ኤሌክትሪክ ለጊዜው ያስተካክላል፣ ስሩ ፎሊክሉ ውስጥ ስለሆነ ግን በዓመታት ውስጥ ይመለሳል፣ ስለዚ "ለሁልጊዜ አጠፋልሃለሁ" የሚላችሁን ሰው ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ጊዜ ትመለሳላችሁ፣ በየጊዜው ስንት ትከፍላላችሁ፣ የቆረጠውንስ ለፓቶሎጂ ይልካል ወይ ብላችሁ ጠይቁት።